ግድግዳ ውስጥ ያለው መቀስ

ፒየድራ ሶላ፣ ፓቲያ
ጁላይ 3

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ኔይላ፣

ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት፣ ቀኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ወደ መሬት ሰብሬ የምናዘዘው ከባድ ኃጢአት አለ። ባለፈው ሳምንት እማማ ፊደሊና የላኩልሽ ኩሚስ ሁለት ጠርሙስ ነበር። አንዱ ብቻ የደረሰሽ ሾፌሩ ዶን አርኑልፎ መንገድ ላይ ስለጠጡት አይደለም። እኔ ነኝ። ዋናው መንገድ ዳር ቆሜ አውቶቡሱን ስጠብቅ ፀሐዩ እርጎውን ሲያንገላታው ማየት አላስቻለኝም፤ ሆዴ ውስጥ አስጠለልኩት። ዶን አርኑልፎን በክፉ ዓይን አይተሻቸው ከሆነ በስሜ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

አሁን ሰላምታው፦ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ? እኛ ከመጠበሳችን በቀር ደህና ነን። ስልክ ለምን እንደማላነሳ ለጠየቅሽው፣ ኮረብታው ላይ ያለውን አንቴና መብረቅ ከመታው ወዲህ ስልኬ የሚያገለግለው ለመስታወትነት ብቻ ነው። ሊጠግኑ የመጡት ሰዎች ማንጎ በልተው ሄዱ። ስለዚህ እንደ ቅድመ አያቶቻችን በዶን አርኑልፎ እጅ እንጻጻፍ።

ወደ ቦሎቄዎችሽ ልምጣ። ሁለቱም መደቦች በቅለዋል። የቀኙ፣ ማለትም መቀሱ ያልተነካው፣ አንድ ክንድ ደርሷል። የግራው፣ መቀሱ የተሰበረው፣ ትንሽ ያንሳል እንጂ ተመስገን ነው። ሁለቱንም በአንድ ቅል፣ በአንድ ልክ፣ ጎህ ሲቀድ አጠጣለሁ። የማንጎው ጥላ አይደርስባቸውም። ማንም አይነካቸውም። እንዳልሽው ነው፣ አለቃዬ።

የሚያስቸግሩኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ትናንት አባባ ኤርሞሄነስ ቫዮሊናቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው መደቦቹን ሊጎበኙ መጡ።

«ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ዘመን ተምራ ቦሎቄ ልትዘራ ነው? ቦሎቄማ እኔም ፊደል ሳልቆጥር ዘርቻለሁ» አሉ።

«እሷ የዘራችው እንዲሞት ነው አባባ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንዲሞት?»

«የቀኙ ይኖራል፤ የግራው በሙቀት ይሞታል። የግራው ካልሞተ ዶክተር አትሆንም።»

«የምትማረው ዶክተርነት ነው ወይስ ቀባሪነት?» ብለውኝ ሄዱ። ማታ ለእማማ ፊደሊና ምን ብለው እንደነገሯቸው አላውቅም፤ ጠዋት እማማ ለአንቺ ነፍስ ሻማ ሲያበሩ አገኘኋቸው።

የመቀሱን ነገር እንደገና ጻፊልኝ። ሲጠይቁኝ ግማሹን ረስቼ ግማሹን ፈጠርኩ፤ የፈጠርኩት ደግሞ ከእውነቱ ይልቅ ተወደደ።

እህትሽ ያሚሌ


ካሊ
ጁላይ 8

ውድ ያሚሌ፣

ዶን አርኑልፎን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ያቺ ልጅ አንድ ቀን ጎማዬን ትሸጠዋለች» አሉኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ቀጥሎ ቆንጥጪልኝ ብላለች።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። የግራው መደብ እንዲሞት አይደለም የምፈልገው። የሚሆነውን ማየት ነው የምፈልገው። ይሞታል ብዬ አስባለሁ፤ ግን ማሰብና መፈለግ የተለያዩ ናቸው። ይህን ለአባባ ንገሪያቸው፤ ለራስሽም ያዢው።

መቀሱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ስፍር ቁጥር በሌላቸው ሴሎች የተሠራ ነው። ሴሉን እንደ ቤት ቁጠሪው። ቤቱ ውስጥ ጓዳዎች አሉ፤ የጓዳዎቹ ግድግዳ ከስብ የተሠራ ስስ ሽፋን ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ አንድ መልእክተኛ ፕሮቲን ታስሮ ይኖራል። ቀኑ ደግ ሲሆን እዚያው እንደታሰረ ይውላል። ሙቀት ሲበረታ ግን ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ አንድ ኢንዛይም ማሰሪያውን ይቆርጥለታል፤ መቀስ የምለው እሱን ነው። የተፈታው መልእክተኛ ወደ ሴሉ እምብርት ሮጦ «ሙቀት መጥቷል፣ ተነሡ!» ይላል። ያኔ ተክሉ ራሱን መጠበቅ ይጀምራል። መቀሱ ከተሰበረ መልእክተኛው ወሬውን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ቤቱ እየተቃጠለ ማንም አይሰማም።

እኔን እስከዛሬ የሚደንቀኝ ሌላው ነው። እንዲህ ያለ መቁረጥ ውሃ ካልነካው አይሆንም። ስብ ደግሞ ውሃ አያስገባም። መቀሱ ግን እዚያ ስብ መሃል ተቀብሮ፣ ለራሱ ጠብታ የምታህል የውሃ ጉድጓድ አበጅቶ ይቆርጣል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከደረቅ መሬት ውሃ የሚያወጣ የፓቲያ ሰው ይመስለኛል።

በቤተ ሙከራ ሳጥን ውስጥ የሠራነው ሁሉ ተሳክቷል። አስተማሪዬ ዶክተር ሲፉዌንቴስ ግን «ሳጥን ውስጥ ያለ ሙቀት የወረቀት ሙቀት ነው፤ ፀሐይ ላይ አሳዪኝ» ይላሉ። ይህ በጋ የመጨረሻዬ ነው። ኦገስት ሲያልቅ የማሳየው ከሌለኝ ቦታዬ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። መቀሱ የተሰበረ ዘርም ሌላ የለኝም፤ ያለው እዚያ የተዘራው ብቻ ነው። ስለዚህ እባክሽ፣ እኩል ውሃ፤ ሌላ ምንም።

ኑዛዜሽንም አንብቤአለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለሽ «ስኳር ልሻለሁ» ብለሽ አልቅሰሽ የተናዘዝሽ ቀን፣ ለካ ፍየሏ የትምህርት ቤት ቀሚሴን በልታው ነበር። ትንሽ ኃጢአት ይዘሽ ስትመጪ ትልቁ የት አለ ብዬ ነው የምፈራው።

ኔይላ


ፒየድራ ሶላ
ጁላይ 14

እትዬ ኔይላ፣

የፍየሏን ነገር ዛሬም ማንሳትሽ አሳዝኖኛል። ፍየሏ ሞታለች፤ ይቅር በያት።

የመልእክተኛውን ታሪክ ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው። አባባ ኤርሞሄነስ በጥሞና ሰምተው «ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ ሲሞቅ የሚቆርጥ፤ ይሄማ የፊደሊና ምላስ ነው» አሉ። እማማም «የማይቆርጥ ነገር ይዘህ ሰባ ዓመት ኖርክ» ብለው መለሱ። እንዲህ ናቸው። እናትና አባታቸው አንድ ስለሆኑ ብቻ አይገዳደሉም።

የምትጠብቂውን ወሬ ልንገርሽ። አዎ፣ ሙቀቱ ገብቷል። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ። ውሻው ከውሃው ገንዳ አልወጣ ብሏል። የቀኙ መደብ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ቀስሮ የሚዘልፋት ይመስላል። የግራው ግን ወድቋል። ቅጠሉ እንደ አባባ ጆሮ ተንጠልጥሎ ጠርዙ ቡኒ ሆኗል። ከሳጥኑ ይልቅ ፀሐይዋ ፈጥናለች፤ ደስ እንዲልሽ ነው የምነግርሽ። እኔን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ጨነቀኝ። በየማለዳው ቅሉን ይዤ ስመጣ ያዩኛል።

እማማ ፊደሊናማ ተሸንፈዋል። ትናንት ወንበር አውጥተው ከግራው መደብ አጠገብ ዣንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ።

«እነዚህን ማን ነው የጣላቸው?» አሉኝ።

«ማንም አልጣላቸውም፤ ሳይንስ ነው እማማ።»

«ሳይንስ እናት የለውም?»

ቆየት ብዬ ስመለስ ሻሻቸውን አውልቀው አራቱን ችግኝ ሸፍነዋል። ሻሹን አነሳሁት፤ እንደ ቃልሽ። «እግዚአብሔር እንዳንቺ ልብ አይስጠኝ» ብለውኝ ምሳ ላይ ሳያናግሩኝ አረንጓዴ ሙዙን ብቻ ወረወሩልኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ከሴቶቹ ጋር ግንባር ገጥመው ሲንሾካሾኩ አየኋቸው። ስጠጋ ሁሉም ዝም አሉ። የኛ ሰፈር ሴቶች ሲያወሩ ምንም የለም፤ ዝም ሲሉ ነው መፍራት።

ያሚሌ


ፒየድራ ሶላ
ጁላይ 21

እትዬ ኔይላ፣

ጥድፊያ ላይ ነኝ፤ ዶን አርኑልፎ ጡሩንባቸውን እየነፉ ነው። ለዚህም ይቅርታ።

ሦስት ኃጢአት አለኝ። የዝሆን ጥርስ የሚመስለውን ማበጠሪያሽን ሰብሬዋለሁ። የአባባን የቫዮሊን ሙጫ ማስቲካ መስሎኝ አኝኬዋለሁ። ጃንዋሪ ላይ ከአልጋሽ ስር ያገኘሁትን የፍቅር ደብዳቤም አንብቤዋለሁ፤ ልጁ ፊደል ይገድፋል።

የእጄ ጽሕፈት የከፋው መዳፌ ተላልጦ ነው። ትናንት ደቦ ነበር፤ የዘንባባ ቅጠል ስንሸከም ዋልን። ማንም ለሌለው ምስኪን ጣሪያ ተሠራለት። ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ከወንዝ ማዶ ሳይቀር መጥተዋል። ሾርባው ጥሩ ነበር።

መደቦቹ ደህና ናቸው። ሁለቱም።

ያሚሌ


ካሊ
ጁላይ 26

ያሚሌ፣

«ሁለቱም» ማለት ምን ማለት ነው?

የማበጠሪያውን ተዪው። የልጁንም ፊደል ተዪው። የግራው መደብ ወድቋል ብለሽ በጻፍሽ በሳምንቱ «ደህና ነው» ትይኛለሽ። ወድቆ ይነሣል ብዬ አልገመትኩም። የሚሆነው ይህ ከሆነ ላየው ይገባኛል፤ ግን በደንብ ንገሪኝ። ደመና ሰነበተ? ዝናብ ጣለ? ውሃ ጨመርሽ? አንቺ ሳታይ እማማ ጨመሩ? ዘሩ ሲዘራ ተደባልቆ ይሆን? ከዶሮዎቹ ወይ ከውሻው ጋር የተያያዘ ነገር አለ? አበባ ካለ ንገሪኝ። ቀለሙንም።

እዚህ ዶክተር ሲፉዌንቴስ በየቀኑ ደጄ ላይ ብቅ ይላሉ። «እሺ፣ ፀሐይዋ ምን አለች?» ይላሉ። ፈገግ ብዬ ወደ ሳጥኑ እዞራለሁ። ሲሄዱ ደብዳቤሽን እንደገና አነባለሁ።

ደቦው ለዶኛ ኤልሲ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ያፈስ ነበር። እንዲህ ያለ ሰፈር መወለዴ ያኮራኛል።

ኔይላ


ፒየድራ ሶላ
ጁላይ 31

እትዬ፣

እንደ ፍርድ ቤት ምስክር በየተራ እመልሳለሁ።

ደመና የለም። አንዲት እንኳ። ዝናብም አልጣለም። ውሃ አልጨመርኩም፤ እማማም አልጨመሩም፤ ቅሉን ሌሊት ሌሊት አቅፌው ነው የምተኛው። ዘሩ አልተደባለቀም፤ ስትዘሪ አብሬሽ ነበርኩ፤ የግራው ዘር ባለ ጠቃጠቆ፣ የቀኙ ቀይ ነበር። ዶሮዎቹና ውሻው ንጹሓን ናቸው።

አበባ አለ። የግራው መደብ አብቧል። ነጭ ነው።

በእግዚአብሔር ስም የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም ቃል አልዋሸሁም።

ለዶኛ ኤልሲ ሰላምታሽን አደርሳለሁ። ቤቷ አሁንም ያፈሳል።

እማማ ፊደሊና ደስተኛ ናቸው፤ እየዘፈኑ ነው። አባባ ኤርሞሄነስ ከደቦው ቀን ጀምሮ አኩርፈው ወደኛ ግቢ አይመጡም። እኔ እህል አልበላ ብሎኛል። ከኩሚሱ የተነሣ ይሆናል።

እህት ዓለም፣ ያልጠየቅሽኝ ነገር ካለ ጠይቂኝ። እባክሽ።

ያሚሌ


ካሊ
ኦገስት 4

የኔ ቆንጆ ያሚሌ፣

እህል አልበላ ያለሽ በኔ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ በአንቺ ትከሻ ላይ መጫን አልነበረብኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ክፉ ወሬ ይዘሽ ስለነበር ነው ዙሪያውን የምትዞሪው፤ አሁን ገባኝ። እንዳዝን ፈርተሽ ነው። አዝኛለሁ፤ ግን በአንቺ አይደለም።

ማታ ማታ ሳሰላስለው ቆየሁ። ደመና ከሌለ፣ ውሃ ካልተጨመረ፣ ዘሩም ካልተደባለቀ፣ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተሳስቻለሁ። መቀሱ ለሙቀት ያን ያህል አያስፈልግም ማለት ነው። ተክሉ ለጊዜው ይወድቅና ሌላ መንገድ ፈልጎ ይነሣል። በሳጥን ውስጥ ያየሁት የሳጥኑ ነገር ነበር። ዶክተር ሲፉዌንቴስ ልክ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ገብቼ እነግራቸዋለሁ። ሳይጠይቁኝ ብነግራቸው ይሻላል። ሐሙስ በዓይናቸው እንዲያዩት አብረን እንመጣለን። አርብ ቦታዬን ለቅቄያለሁ ብዬ እፈርማለሁ። እማዬ የምትሠራበት ምግብ ቤት ሰው ይፈልጋል፤ አትጨነቂ።

እባክሽ የግራውን መደብ እንዳለ አቆዪልኝ። ያሸነፈኝን ነገር ማየት እፈልጋለሁ። አበባውንም።

እማማ ፊደሊናን ሳሚልኝ። ስለ ሻሹ አልተቀየምኳቸውም በያቸው።

ኔይላ


ፒየድራ ሶላ፣ ከጣሪያ ላይ
ኦገስት 8፣ ሐሙስ ጠዋት

እትዬ ኔይላ፣

ይህን ደብዳቤ ዶን አርኑልፎ አያደርሱትም። በእጄ ነው የምሰጥሽ፤ ወይም ከላይ እወረውርልሻለሁ። በሆዴ ቀርከሃ ላይ ተጋድሜ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቱ እንደ እባብ ቢሄድ አትፍረጂብኝ።

ጣሪያው ያንቺ ነው። ማለቴ፣ የቦሎቄዎችሽ።

ደመና ስትዪ የለም አልኩሽ። ውሃ ስትዪ የለም አልኩሽ። ጣሪያ አላልሽም! ቦሎቄ ላይ ጣሪያ የሚሠራ ሰፈር አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከየት ይመጣል? የተወለድሽበት ቦታ ግን እዚሁ ነው፤ ልታውቂው ይገባ ነበር ብዬ ላፌዝብሽ ጀምሬ ነበር። ፌዙ አልመጣ አለኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሲንሾካሾኩ የነበረው ይህን ነው። «የኔይላ ቦሎቄ እየሞተባት ነው። ልጅቷ ሩቅ አገር፣ እህቷ ደግሞ ድንጋይ ልብ» ብለው እማማ ሰፈሩን አስለቀሱት። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ስነቃ ግቢው ሰው ሞልቷል። ገጀራ፣ ገመድ፣ ቀርከሃ፣ የሾርባ ድስት፣ ከበሮ ሳይቀር። ዶኛ ኤልሲ ራሷ የሚያፈስ ቤቷን ትታ መጥታለች።

«ምን ልትሠሩ ነው?» አልኩ።

«ለእህትሽ ነው! ድንገት መጥታ ስታየው በደስታ ታለቅሳለች!»

«እማማ፣ ጥላ አይደረግባቸውም ብላለች።»

«ልጄ፣ እሷማ ሰው እንዳታስቸግር ብላ ነው። አስተዳደጓን አላውቀውም?»

ነገርኳቸው። ስለ መቀሱ፣ ስለ መልእክተኛው፣ ስለ ዶክተሩ ነገርኳቸው። ሁሉም በፍቅር ሰሙኝ፤ ከዚያ አንዱ «እሺ፣ አሁን ያን ቅጠል አቀብዪን» አለ። አቀበልኩ። ይኸው ኃጢአቴ። ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ ለአንቺ ሲዘፍን መሃል ገብቼ አፍርሱት ማለት አቃተኝ። ለአንቺ እንዳልናገርም አስማሉኝ። የመሐላው ነገር ግን ሰበብ ነው፤ ከመሐላው ይልቅ አንቺን ፈርቼ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ከውስጥ ነቅዞ አለቀ።

ማክሰኞ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የዶን አርኑልፎ መኪና ሄዶ ነበር፤ ካሊ ደርሶ የሚመለሰው ከአንቺ ጋር ነው፤ የምልክበት የለም። ትናንት ሙሉ ቀን ከአልጋ ስር ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የሰይጣን ሐሳብ። የግራው መደብ በሙቀት ይሞታል ብለሽ የለም? ሙቀቱን በድስት ላምጣለት አልኩ። ትልቁን ድስት ጣድኩ። እስኪፈላ ጣሪያውን አፈርሳለሁ፤ ከዚያ ውሃውን አፈስሳለሁ፤ ስትመጡ ተቃጥሎ ታገኙታላችሁ። ዶክተሩ ይደነቃሉ፤ አንቺ አትፈርሚም፤ ማንም አያውቅም። እማማን ብቻ እንዴት እንደማሳምናቸው አላሰብኩበትም ነበር።

ገጀራውን ይዤ መሰላሉን ወጣሁ። የመጀመሪያውን ገመድ ልቆርጥ እጄን ስዘረጋ ወደ ታች አየሁ።

የኩርፊያውን ምክንያት አልነገርኩሽም። የደቦው ቀን ዘንባባው የአባባ ኤርሞሄነስ ነበር፤ ጣሪያውንም የሚከድኑት እሳቸው ነበሩ። ወደ ወንዙ በኩል ያለው የመደቡ ጫፍ ሲቀራቸው እማማ ከታች ሆነው «ኤርሞሄነስ፣ ጣሪያህ እንደ ቫዮሊንህ ጠማማ ነው!» አሉ።

«ቫዮሊኔ ምን አደረገሽ?»

«ምንም። ፍየሌ ቁርጠት የያዛት ቀን ትዝ ይለኛል እንጂ።»

ደቦው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ወረዱ። የቀረውን ቅጠል አህያቸው ላይ ጫኑ። «የቀሩትን ቦሎቄዎች በምላስሽ ጥላ አስጠልያቸው!» ብለው ሄዱ። እማማም «ለመነህ ማን?» አሉ። ስለዚህ የግራው መደብ ጫፉ ያለ ጣሪያ ቀረ። እስከዛሬም እንደዚያው ነው።

ያን ጫፍ በየቀኑ አጠጣሁት። እምላለሁ፣ በዚያው ቅል፣ በዚያው ልክ። ሞቷል እትዬ። አንድ አልተረፈም። ከታች ሆኜ ሳጠጣ እያንዳንዱን ብቻውን ነበር የማየው፤ ጫፍ ላይ ያሉ ምስኪኖች እል ነበር። ከላይ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ከጣሪያው ስር ያሉት አረንጓዴ ናቸው፣ አበባ ላይ ናቸው። ጣሪያው የሚያልቅበት ላይ አረንጓዴው ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እስከ መደቡ ጫፍ ቡኒ፣ ደረቅ፣ አመድ። መስመሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። አንድ መደብ፣ አንድ ዘር፣ አንድ ውሃ። ከመተላለፊያዋ ባሻገር ደግሞ የቀኙ መደብ ያለ ምንም ጣሪያ፣ በዚችው ፀሐይ፣ እሸት ይዞ ቆሟል።

ገጀራው ከእጄ ወደቀ። ዶሮ አልመታም፣ አይዞሽ።

እኔ ሳይንስ አላውቅም። ግን ከተሳሳትሽ እነዚያ ጫፍ ላይ ያሉት ለምን ሞቱ? ሕመምተኛ ዘር ስለሆኑ ነው እንዳይባል ወንድሞቻቸው ከጥላው ስር አብበዋል። የገደላቸው ሙቀቱ ነው። መቀስ ያላቸው ቻሉት፤ መቀስ የሌላቸው ጣሪያ ካልሠሩላቸው አልቻሉትም። የአባባ ኩርፊያ ባይኖር ይህ አይታይም ነበር። ይህን ለሳቸው የምትነግሪያቸው ከሆነ እዚሁ ጣሪያ ላይ እቀራለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ቫዮሊን እየመቱ ሊያስተምሩን ነው።

ውሃው እየፈላ ነው፤ ድምፁ ይሰማኛል። ሙዝ እንዲቀቅሉበት ለእማማ እተወዋለሁ። «የሚሆነውን ማየት ነው የምፈልገው» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ላሳይሽ የነበረው የሚሆነውን ሳይሆን የምትፈልጊውን ነበር። የምትፈልጊውንም አላውቀውም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ምንም አልነካሁም። ጣሪያው እንደቆመ ነው፤ የሞቱትም እንደሞቱ ናቸው። አርብ እንዳትፈርሚ። ለዶክተሩ ተሳስቻለሁ ብለሽ ነግረሻቸው ከሆነም፣ እኔ ዋሽቻት ነው በያቸው፤ በእኔ አሳብቢ፣ ለምዶብኛል። ስትደርሺ መጀመሪያ አትቆጪ። መጀመሪያ መሰላሉን ውጪ። ዶክተሩንም አውጪያቸው፤ ወፍራም ከሆኑ ግን አንድ በአንድ፣ ቀርከሃው የአባባ ሥራ ነው።

የዶን አርኑልፎ ጡሩንባ! ገና በጠዋቱ? ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ ወረዱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀጭን ናቸው። ከኋላቸው አንቺ። ከስተሻል። እማማ ፊደሊና ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጡ፤ እያቀፉሽ ነው። ወደ መደቡ እየመሩሽ ነው፤ በአንዱ እጃቸው ዓይንሽን ጋርደዋል፣ ድንገት እንድታዪው። እጃቸውን አነሱ።

ቆመሻል። ጣሪያውን ታያለሽ። ዶክተሩም ያያሉ።

«ማን ነው ይህን የሠራው?» አልሽ፤ ድምፅሽ የሌላ ሰው ነው።

«ሁላችንም!» አሉ እማማ በኩራት። «ቅጠሉን ያቀበለችን ደግሞ እሷ ናት፤ ያቻት፣ ላይ።»

ከዳተኛ አሮጊት! ትንፋሼን ውጫለሁ፤ ቅጠሉ ይሸፍነኛል፤ እግሬ ብቻ ነው ውጭ ያለው፣ ምናልባት አላየሽውም፣ ምናልባት

«ያሚሌ!»